የተሰበረ የሞዴል አውሮፕላን መስታወት እንዴት ይጠገናል?

«በእጃችን እንሥራ» ዓምድ
ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ የቀረበውን የካርቶን እስክሪብቶ መያዣ ሠርታችሁ እንዳያችሁት ተስፋ አለኝ። የዛሬው ትምህርት ስለ ሞዴል አውሮፕላን መስታወት አጠጋገን ነው። «መካኒሳ አቦ ውስጥ ደግሞ ሞዴል አውሮፕላን ማን አለው?» እንዳትሉኝ። እኔም የለኝም። የሰበርኩት የሰው ነው። ትምህርቱን ያገኘሁት ከጥፋቴ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ከአጥራችን ቀጥሎ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ሜካኒክ ይኖራሉ። የሰፈር ልጆች ሁሉ «አባባ» ነው የምንላቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ቡፌው ላይ አንድ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን አለ። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ጓደኞቻቸው ገጣጥመው፣ ቀለም ቀብተው፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መስመር አድርገው የሰጧቸው ነው። ዓይነቱ ዳግላስ ሲ-47 ይባላል። የታወቀው ዲሲ-3 ለጦር ሠራዊት ጭነት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ማለት ነው።

ይህ አውሮፕላን ለአገራችን ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ-47 ነው። ያኔ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አልነበረም። አውሮፕላን የሚያርፈው ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬም ያንን ሰፈር «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው ለዚህ ነው።

አባባ በየዓመቱ መጋቢት 30 የድሮ ጓደኞቻቸውን ቡና ይጠራሉ። ሞዴሉም ከቡፌው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ባለፈው መጋቢት 4፣ የአቦ ዋዜማ ዕለት፣ እናቴ «ሂጂና የአባባን ቤት አጽጂላቸው፤ ነገ ንግሥ ነው» ብላ ላከችኝ። አባባ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እኔም ሁሉንም ወልውዬ ጨርሼ ሞዴሉን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ ከእጄ አመለጠኝ። በአፍንጫው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ። ከጎን መስኮቶቹ ሁለቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ጣሪያው ላይ የነበረችው ትንሽ ጉልላት ደግሞ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኔ ምን አደረግኩ? ለአባባ መናገር ፈራሁ። ሱቅ ሮጬ ሱፐር ግሉ ገዛሁና ስንጥቁ ላይ አፈሰስኩበት፤ ዳር ዳሩንም ደህና አድርጌ ቀባሁት። መልሼ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ሄጄ ሳየው ክው አልኩ። የፊት መስታወቱም፣ አጠገቡ ያሉት መስኮቶችም ወተት የፈሰሰባቸው ይመስል ነጭ ሆነዋል!

አባባ ሞዴሉን አንስተው እያዩ «ልጄ፣ ይቺ አውሮፕላን ደመና ውስጥ ገብታለች እንዴ?» አሉኝ። አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦ «መስበርሽስ ምንም አይደል። እኛ ሥራ ቤት ግን አንድ ነገር የሰበረ ሰው መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። በዚህ አይቀጣም። የሚቀጣው የሸሸገ ነው። ስንጥቅ ከታወቀ ይቀየራል፤ ከተደበቀ ሰው ይጨርሳል። አሁን መጋቢት 30 እስኪደርስ 25 ቀን አለሽ። አንቺው ትጠግኚያታለሽ፣ እኔ አሳይሻለሁ።»

ከዚህ በታች የምጽፈው ያሳዩኝንና ሞክሬ ያየሁትን ነው።

1. ሱፐር ግሉ መስታወቱን ለምን አነጣው?

በሳይንስ ትምህርታችን እንደተማርነው ነገሮች ብርሃን የሚያስተላልፉ፣ በከፊል የሚያስተላልፉና የማያስተላልፉ ተብለው ይከፈላሉ። የሞዴል መስታወት እውነተኛ መስታወት ሳይሆን ብርሃን የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ከላዩ ተን ይወጣል። ይህ ተን አየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ይጠጥርና አጠገቡ ባለው ነገር ላይ እንደ ነጭ አቧራ ያርፋል። እኔ ብዙ ስላፈሰስኩ መስታወቱ በከፊል ብቻ ብርሃን የሚያስተላልፍ ሆነ። የሚገርመው፣ የፖሊስ መርማሪዎች ይህንኑ ተን ለጥሩ ነገር ይጠቀሙበታል፤ በለስላሳ ዕቃ ላይ የማይታይ የጣት አሻራ በተኑ ነጥቶ ይታያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ አጠገብ ሱፐር ግሉ አይደርስም።

2. መጀመሪያ ምርመራ

አባባ ምንም ሳንነካ በፊት መስኮት ዳር ወስደው ሞዴሉን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ እንዳየው አደረጉኝ። ጉዳቱን በሦስት ከፍለን ወረቀት ላይ ጻፍን።

ሀ. ጉምና ጭረት፦ ላይ ላዩን ነው። ተወልውሎ ይለቃል።
ለ. ስንጥቅ፦ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷል። ሲያዘነብሉት እንደ ብር ክር ያበራል። ምንም ቢወለወል አይጠፋም፤ መቀየር አለበት።
ሐ. የጠፋ፦ አዲስ ይሠራል።

ከዚያ ሱፐር ግሉ የያዘውን የፊት መስታወት ማላቀቅ ነበረብን። በቢላዋ ልፈነቅለው ስል አባባ ከለከሉኝ። ሞዴሉን በፌስታል ጠቅልለን ፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ አሳደርነው። ሱፐር ግሉ በጣም ሲቀዘቅዝ ድርቅ ብሎ ተሰባሪ ይሆናል። ጠዋት ላይ በጥፍሬ ገፋ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተነሳ። ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ስብርባሪውን ግን አልጣልነውም። ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

3. ጉምና ጭረት መወልወል

ከፊት መስታወቱ ቀጥለው ያሉት መስኮቶች አልተሰነጠቁም፤ ከውጭ በኩል ጉም ነው የያዛቸው። ለእነሱ የሚያስፈልገው ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች በውሃ እያረጠቡ የሚጠቀሙበት የብርጭቆ ወረቀት ነው። ከጀርባው ቁጥር አለው። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። እኔ 1000 እና 2000 ቁራጭ ለምኜ አገኘሁ።

አሠራሩ፦ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ቀለም እንዳይፋቅ በፕላስተር ይሸፈናል። 1000 ቁጥሩን ውሃ ነክሮ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። ቀጥሎ 2000 ቁጥሩ። እዚህ ላይ አትደንግጡ፤ መስኮቱ ከበፊቱ የባሰ ይደበዝዛል። እኔማ «በቃ አበላሸሁት!» ብዬ ነበር። በመጨረሻ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጥጥ ጨርቅ አድርጎ በክብ በክብ ማሸትና በውሃ ማጠብ። ደጋግሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ በመስኮቱ ውስጥ ማየት ይቻላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሸካራ ነገር ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፤ ለስላሳ ነገር ቀጥ አድርጎ ያሳልፈዋል። እኛ የምናደርገው ትልቁን ጭረት በትንሽ፣ ትንሹን በሌላ ትንሽ ጭረት መተካት ነው። ጭረቱ ለዓይናችን እስከማይታይ ሲያንስ መስታወቱ «ጠራ» እንላለን።

እኔ ለማብረቅ ብዬ የእህቴን የጥፍር ቀለም ላመጣ ነበር። አባባ ከሞዴሉ የተረፈ ቁራጭ ላይ አስሞከሩኝ። ፕላስቲኩን በላው! የጥፍር ቀለም ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ይህን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ በማይፈለግ ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

4. አዲስ የፊት መስታወት

የሲ-47 የፊት መስታወት ሁለት ጠፍጣፋ መስታወቶች መሐል ላይ ተገናኝተው የተሠራ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ሹል ይመስላል። ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አጥፎ መሥራት ይቻላል።

ስብርባሪውን በስኮች አገጣጥመን ወረቀት ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርን። ወረቀቱን ቆርጠን ሞዴሉ ላይ ለካነው። ወረቀት ቢበላሽ ወረቀት ነው፤ አራት ጊዜ ቆርጬ ነው የተስማማው። ከዚያ የኬክ ማሸጊያ ጠፍጣፋ ክዳን ላይ አስቀምጠን አሰመርን። መሐሉን በምላጭ ጀርባ በስሱ ጫር አድርጎ ማጠፍ ነው። ምላጩን የያዙት አባባ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ፣ ሁለተኛውን ጫን ብለን ስለጫርነው ሲታጠፍ ተቆረጠ፣ ሦስተኛው ልክ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር አለ። ሞዴሉ የእውነተኛው 1/72 ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለ72 ሲካፈል የሞዴሉ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ የድሮውን የፊት መስታወት ውፍረት ለካሁ፤ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በ72 ሲባዛ 72 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከ7 ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው መስታወት ማለት ነው! የኬክ ክዳኑ ቀጭን ስለሆነ በማስመሪያ አይለካም፤ ስለዚህ 20 ቁራጭ ደራርቤ ለካሁ፤ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በ72 ሲባዛ 21.6 ሚሊ ሜትር። ይህን ለአባባ ሳሳያቸው ሳቁና «ከፋብሪካው ይልቅ ያንቺው ወደ እውነቱ ቀረበ» አሉኝ። ዕቃ የማይገኝበት ቦታ የተሠራ ነገር ሁልጊዜ ያነሰ ነው ብዬ አስብ ነበር። እንደዚያ አይደለም።

5. የጠፋችው ጉልላት

ጣሪያው ላይ የነበረችው ትንሽ ክብ ጉልላት ኮከብ ማያ ናት። በድሮ ጊዜ አቅጣጫ የሚያወጣው ሰው በእሷ ውስጥ ኮከቦችን በመሣሪያ እየለካ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ያሰላ ነበር።

ጉልላት በማጠፍ አይሠራም። እኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የለስላሳ ጠርሙስ ቁራጭ በሻማ አሞቅሁ፤ በእርሳስ ጫፍ ልገፋው። መጀመሪያ ጥላሸት ያዘው፣ ቀጥሎ ተኮማተረ፣ ቀጥሎ ነጣ። አባባ ጠርሙሱን ገልብጠው ከታች ያለውን ሦስት ማዕዘን አሳዩኝ። ውስጡ 1 ቁጥር አለ። ይህ ፔት የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ግን ውስጡ ተደርድሮ ይጠጥርና ይነጣል። የነጣ ደግሞ አይመለስም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእኔ ነው።

መፍትሔው ከእናቴ መጣ። የምትወስደው ክኒን ክብ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ጉብታ በትክክል ትንሽ ጉልላት ይመስላል! ችግሩ ክኒኑ ሲገፋ ጉብታው ይጨማደዳል። እናቴ አንዱን ከጀርባው በኩል ወረቀቱን በጥፍሯ ቀዳ ክኒኑን አወጣችልኝ። ባዶውን በመቀስ ዙሪያውን ቆርጬ ገጠምኩት። ከድሮዋ ጥቂት ተለቅ ትላለች፤ ሆኖም አታስታውቅም።

6. ትናንሽ መስኮቶች በኮላ

ወደ ውስጥ የገቡት ሁለት የጎን መስኮቶች አልወጡም፤ ሞዴሉ ሲነቀነቅ አሁንም ኳ ኳ ይላሉ። ለእነሱ የእንጨት ሥራ ኮላ ተጠቀምን፤ ነጩን ማለቴ ነው።

ስቴኪኒ ኮላ ውስጥ ነክሮ በመስኮቱ ቀዳዳ ጠርዝ ዙሪያ መቀባት፣ ከዚያ ስቴኪኒውን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መጎተት ነው። ኮላው እንደ ሳሙና አረፋ ስስ ሽፋን ሆኖ ቀዳዳውን ይዘጋል። ሲቀባ ነጭ ነው፤ በማግስቱ ግን እንደ መስታወት ይጠራል። ነጭ የሚመስለው ውሃ ውስጥ የተበተኑ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፤ ብርሃንም ያልፋል። ሱፐር ግሉ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሆኖ ጀምሮ ነጭ ያደርጋል፤ ኮላ ነጭ ሆኖ ጀምሮ ይጠራል። ዘዴው የሚሠራው ለትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሽፋኑ ይቀደዳል።

7. ማጣበቅና ክፈፍ

የፊት መስታወቱንና ጉልላቷንም ያጣበቅነው በዚሁ ኮላ ነው። ተን የለውም፤ የፈሰሰው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ሲደርቅም አይታይም። በመጨረሻ የመስታወቱን ክፈፍ ሠራን። በቀጥታ መስታወቱ ላይ መቀባት ይከብዳል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ስኮች በብርማ ቀለም ቀብተን፣ ሲደርቅ በቀጭን በቀጭን ቆርጠን ለጠፍነው።

ማስጠንቀቂያ

ምላጭ፣ እሳትና ሱፐር ግሉ ያለ ትልቅ ሰው አትንኩ። ሱፐር ግሉ ጣትን ከጣት ያጣብቃል፤ ዓይን ከነካም አደገኛ ነው። ፕላስቲክ ቤት ውስጥ አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ከመድኃኒት ማሸጊያ የምትወስዱት ባዶውን ብቻ፣ ያውም ከቤተሰብ ጠይቃችሁ ይሁን።

ይህን ያውቁ ኖሯል?

• የዛሬ ትልልቅ አውሮፕላኖች የመንገደኛ መስኮት ፕላስቲክ ነው፤ በንብርብር የተሠራ ነው። በአንዱ ንብርብር ላይ የአየር ግፊቱን የምታስተካክል ትንሽ ቀዳዳ አለች።

• እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄቶች አየር ላይ ተበታትነው ወደቁ። ምርመራው እንዳሳየው በመስኮትና በመሰል ክፍተቶች ማዕዘን ላይ ትናንሽ ስንጥቆች ይጀምሩ ነበር። የዛሬ መስኮቶች ማዕዘናቸው የተጠጋጋው ለዚህ ነው።

• በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የተሠራችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን ጣሊያን ተወስዳ ከኖረች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳልናለች።

መጨረሻው ምን ሆነ?

መጋቢት 28 ሥራው አለቀ። አባባ አንድ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝና «ጻፊ» አሉኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መጋቢት 4 ወደቀ። የፊት መስታወት ተሰነጠቀ፣ ጉልላት ጠፋ፣ ሁለት መስኮት ገባ። በሱፐር ግሉ ተበላሸ። መጋቢት 28 ሁሉም ተቀየረ።» «በሱፐር ግሉ ተበላሸ» የሚለውን ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን ጻፍኩት። ስሜን ፈረምኩ። አባባም ከሥሩ «ታይቷል» ብለው ፈረሙ። ወረቀቱን አጥፈው ከሞዴሉ ማቆሚያ ሥር አስገቡት።

መጋቢት 30 ጓደኞቻቸው መጡ። እኔ ቡናውን አቀርብ ነበር። አንደኛው አባት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አፍንጫውን ትክ ብለው አዩና «ይቺ መስታወት ተቀይራለች» አሉ። ልቤ ቀጥ አለ። አባባ ግን «አዎ፣ ተቀይራለች። ሜካኒኳ እቺውት፣ ቡና እየቀዳች ነው። ማስረጃው ከሥሩ አለ፤ አንብቡት» አሉ። ወረቀቱን በየተራ አነበቡት። ማንም አልሳቀም። አንደኛው ብቻ «በትክክል ተጽፏል» አሉ። በዚያን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መናገር አልችልም።

መልመጃ

1. የእውነተኛው ሲ-47 ርዝመት 19.4 ሜትር ገደማ ነው። በ1/72 የተሠራው ሞዴል ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል?
2. የብርጭቆ ወረቀት 400 እና 2000 ቢሰጣችሁ ቀድማችሁ የትኛውን ትጠቀማላችሁ? ለምን?
3. ቤታችሁ ውስጥ ብርሃን የሚያስተላልፉ፣ በከፊል የሚያስተላልፉና የማያስተላልፉ ሦስት ሦስት ዕቃዎች ጻፉ።
4. ኮላ ሲደርቅ የሚጠራው፣ ሱፐር ግሉ ግን አጠገቡ ያለውን የሚያነጣው ለምንድን ነው?

መልሱን ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። ትክክለኛ መልስ የሰጡ ተማሪዎችን ስም በሰልፍ ላይ እናነባለን። ክበባችን በሚቀጥለው ሴሚስተር ፀሐይን በካርቶን ለመሥራት ስላሰበ፣ ጥርት ያለ የኬክ ክዳንና የተረፈ ኮላ ያላችሁ አምጡልን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። መስታወትም እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ብትሰብሩ ሱፐር ግሉ ከመግዛታችሁ በፊት ለባለቤቱ ንገሩ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!